ስለ መንገደኛ አልጋና ፍራሽ

በአገራችን ልማድ አንድ ወጣት ትዳር ይዞ ጎጆ ሲወጣ ዘመዶቹ አስቀድመው ከሚጠይቁት ነገር አንዱ የአልጋው ጉዳይ ነው። ከምን እንጨት እንደ ተሠራ፥ ስፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ፍራሹም የጥጥ ወይም የስፖንጅ መሆኑ ይመረመራል፤ እናቶችም በመዳፋቸው ጫን እያደረጉ ይፈትኑታል። የቤቱ አባወራ ሥራው መንገድ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ይኸውም ከወሩ ሃያውን ሌሊት ከቤቱ ውጭ የሚያድር የጭነት መኪና ነጂ ቢሆን፥ እነዚያን ሃያ ሌሊቶች በምን ላይ እንደሚተኛ የሚጠይቅ ዘመድ አይገኝም። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ለማቅረብ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ተረሳው አልጋ ነው።

በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ሳገለግል ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ባልና ሚስት ሲፋቱ የጋራ ንብረታቸው ተዘርዝሮ በሚቀርብበት ወረቀት ላይ አልጋ ሳይጻፍ የቀረበትን ጊዜ አላስታውስም፤ «አንድ ሜትር ከሃምሳ አልጋ ከነፍራሹ» የሚለውን ቃል እጄ ከራሴ ስም ይልቅ ለምዶታል። ሕጋችንም ለአልጋ ልዩ ርኅራኄ አለው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ተፈርዶበት ያልከፈለ ባለ ዕዳ ንብረቱ በሚያዝበት ጊዜ፥ ለእርሱና ለሚስቱ ለልጆቹም የሚያስፈልገው ልብስ፥ የምግብ ማብሰያ ዕቃ፥ አልጋና የአልጋ ልብስ እንዳይነካ ይከለክላል። ሁሉን ቢያጣ እንኳ የሚተኛበትን አይጣ ማለት ነው። የመንገደኛው አልጋ ግን በመዝገብ ላይ ለብቻው ተጽፎ አይቼ አላውቅም፤ እንደ መሪና እንደ ጎማ ከመኪናው ጋር አብሮ ይቈጠራልና።

በአዲስ አበባ አልጋ የሚጠራው በስፋቱ ነው። ዘጠና፥ ሜትር ከሃያ፥ ሜትር ከሃምሳ፥ ሜትር ከሰማንያ ይባላል፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ከ90 ስለ ሆነ ማንም አይጠይቀውም። ገዢዎች ሁሉ ሰፊውን ይመኛሉ። ነገር ግን አልጋ ከመግዛት አስቀድሞ ስፋቱን ለሚተኙበት ሰዎች ማካፈል፥ የቀረውንም ወለል መለካት ይገባል። በሜትር ከሃያ አልጋ ላይ ሁለት ሰዎች ቢተኙ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህም ለሕፃን ከሚሠራው አልጋ ስፋት አይበልጥም። በሜትር ከሃምሳ 75፥ በሜትር ከሰማንያ 90 ይደርሳቸዋል። ዳሩ ግን ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ የኪራይ ክፍል ውስጥ ሜትር ከሰማንያ አልጋ ቢገባ የሚተርፈው 1 ሜትር ከ20 ነው፤ በዚያም ላይ ሣጥኑ፥ የልጆቹ መኝታና የእግር መንገዱ ይጣሉበታል።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ስፋት ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ አልጋዬ ደበሎዬ ነበረ። ቀን እለብሰዋለሁ፥ ሌሊት በጎጆዬ ወለል ላይ ሣር ጐዝጕዤ እተኛበታለሁ፤ እግሬ ሲተርፍ ጉልበቴን አጥፌ ልኩን አገኛለሁ። ከሁሉ ይልቅ ቀላል የመንገድ አልጋ እርሱ ነው፤ ጓዝ አያስፈልገውም፥ ከተሸከመው ሰው ጋርም ይሄዳል። ኋላ ወደ ሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ተደራራቢ የብረት አልጋ ሰጡኝ፤ ፍራሹ በጤፍ ጭድ የተሞላ ሸራ ነበረ፥ ጭዱም በየትምህርቱ ዘመን መጀመሪያ ይለወጥ ነበር። ከላይኛው አልጋ ላይ በተኛሁበት በመጀመሪያው ሌሊት እወድቃለሁ በማለት እስኪነጋ ድረስ ብረቱን ጨብጬ አደርሁ። ከሳምንት በኋላ ግን በደበሎ ላይ የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ፤ የጠዋቱም ትምህርት ይገባኝ ጀመር።

የቀድሞ ሰዎቻችን ስለ መንገደኛ መኝታ ያስቡ ነበር። ለዘመቻም ሆነ ለንግድ የሚነሣ ሰው በአጋሰሱ ላይ ከስንቁ ጋር ጀንዴውን ይጭን ነበር፤ ጀንዴ ከለፋ የበሬ ቆዳ ስለሚሠራ የመሬቱን እርጥበት አያሳልፍም፥ ተጠቅልሎም ብዙ ቦታ አይፈጅም። ከተማችን ራስዋ ከእንዲህ ያለ ጓዝ የተወለደች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከትመው ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምክንያት ከተማው ከዚያ ብርድ ወደ ፍል ውሃ አጠገብ ሲወርድና አዲስ አበባ ሲባል መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየጉብታው ሰፈሩ። መንደራችንን ሁሉ ዛሬም «ሰፈር» የምንለው ስለዚህ ነው። ያም ቃል ለቅኔ ተማሪ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ «ሰፈረ» ማለት በአንድ ወገን ድንኳን ተክሎ ዐረፈ፥ በሌላው ወገን እህል በቁና ለካ ማለት ይሆናልና። በእኔ ግምት የሚሰፍር ሰው አስቀድሞ ይስፈር የተባለ ያህል ነው፤ የሰዋስው ሊቃውንት ግን በዚህ ትርጓሜዬ እንደማይስማሙ ዐውቃለሁ።

ይህን ነገር እንድጽፍ ያስገደደኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ በኮተቤ፥ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በኪራይ ቤት ይኖራል፤ ሥራውም የሌላ ሰው የሆነውን ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና መንዳት ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በጋላፊና በሚሌ፥ በአዋሽና በአዳማ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፤ መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጭኖ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይሄድ ነበር። የሚያድረውም በጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው በስተኋላ ባለችው መኝታ ላይ ነው። በየከተማው ርካሽ አልጋ ሞልቶ ሳለ ስለ ምን በመኪና ውስጥ ትተኛለህ ብዬ ብጠይቀው ሁለት ምክንያት ነገረኝ፤ አንደኛው ጭነቱን፥ ነዳጁንና ባትሪውን መጠበቅ፥ ሁለተኛው ትኋን ነው።

አንድ እሑድ መኪናውን በሰፈሩ አጠገብ አቁሞ ሳለ ሜትር ይዤ ወጣሁ። የመኝታዋ ርዝመት 1 ሜትር ከ90፥ ስፋትዋ በመካከል 65፥ በጫፎችዋ 58 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 የሆነ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ስፖንጁ በአዲስነቱ 8 ሳንቲ ሜትር እንደ ነበረ ከጫፉ ይታወቃል፤ ዳሌው በሚያርፍበት ቦታ ግን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀርቶ ነበር። እጄን ብጫነው ከሥሩ ያለውን ብረት ነካሁ። በዚህ ላይ ስንት ዓመት ተኛህ አልሁት፤ አራት አለኝ። ወገቡን እንደሚያመው የማውቅ ሲሆን ሕመሙን ከመንገዱ ጕድጓድ የተነሣ ነው ሲል ሰምቼ ነበር።

በዚያው ቀን ለሚስቱ ያልነገራትን ነገር ለእኔ ነገረኝ። በጥር ወር በገዋኔ አካባቢ ንጋት ላይ ሲነዳ፥ መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ፥ ሌሊቱንም ጎኑን ሲያገላብጥ አድሮ ስለ ነበር፥ ዐይኑ ተከደነ። ሲነቃ የፊት ጎማዎቹ ከአስፋልቱ ወጥተው በአሸዋ ላይ ነበሩ። ሰውም ሆነ ከብት አልነበረም፤ መኪናውም ቆመ። ረዳቱ አጠገቡ ተኝቶ ስለ ነበር አልሰማም። ወንድሜ ወርዶ ፊቱን ታጠበ፥ መኪናውንም ወደ መንገዱ መለሰና ጉዞውን ቀጠለ፤ ለማንም አልተናገረም።

በቤታቸው የነበረውም የመኝታ ችግር ቀላል አልነበረም። ሚስቱ ከሁለቱ ታናናሾች ልጆች ጋር በሜትር ከሃያ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ይኸውም ለአንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ታላቁ ልጅ ወለል ላይ ይተኛል። ወንድሜ ከመንገድ በሚገባበት ሌሊት ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። እርስዋም ይህን ለማስቀረት እቁብ ገብታ ስትጥል ቆይታ፥ ዕጣው ሲደርሳት ሜትር ከሰማንያ አልጋ ከነስፕሪንግ ፍራሹ ለመግዛት ወስና ነበር። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለጋቢናው ፍራሽ ይሁን ብዬ በነገርኋት ጊዜ ፊትዋ ተለወጠ።

«ጋሼ፥ የሚሉት ይገባኛል፤ ነገር ግን መኪናው የሰው ነው» አለችኝ። «ነገ ባለ መኪናው ሌላ ሾፌር ቢቀጥር በእኔ እቁብ የተገዛው ፍራሽ ለማን ሊሆን ነው? ልጆቼ ወለል ላይ እየተኙ የሰው መኪና ላስጊጥ?»

ጥያቄዋ የሚናቅ አልነበረም። እንዲያውም በየቀኑ ከምሰማው ክርክር ይልቅ የተቃና ነው። ሾፌሩ በገንዘቡ ገዝቶ ያስገባው፥ በምስማር ያልተመታ፥ መኪናውን ሳይጐዳ የሚወጣ ፍራሽ የሾፌሩ ሆኖ እንደሚቀር፥ ነገር ግን ወደ ፊት ጭቅጭቅ እንዳይነሣ በጽሑፍ መሆኑ እንደሚሻል ነገርኋት። በዚያው ቀን ሦስት መስመር ጻፍሁ፤ ፍራሹ የነጂው የግል ንብረት መሆኑን፥ ሥራውን ሲለቅም ይዞት እንደሚወጣ የሚናገር ነው። ባለ መኪናውም እየሣቀ ፈረመበት። በዚህ ዐይነት ሥራ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖራቸው መልካም ይመስለኛል፤ ሥራው ከአንድ ገጽ አያልፍምና።

እርስዋ ግን በወረቀቱ አልረካችም። በማግሥቱ ባልዋ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ቁልፉን ይዛ ሄደች፥ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጋቢናው ወጣች፥ በዚያችም መኝታ ላይ ተኛች። ምን ያህል እንደ ቆየች አላውቅም፤ ልጆቹ አንድ ሰዓት ነው ይላሉ። ስትወርድ ምንም አልተናገረችም። ቁርስ ከተበላ በኋላ ግን ለባልዋ፥ «አንተ በዚህ ላይ ተኝተህ ነው የምትነዳው?» አለችው። እርሱም ያን ጊዜ የገዋኔውን ነገር ነገራት። የተቈጣችው በእርሱ ይሁን በእኔ ለይቼ አላወቅሁም፤ ለሁለታችንም ሁለት ቀን ቡና አላፈላችልንም።

በሦስተኛው ቀን ሒሳቡን አብረን ሠራን። የመኝታ ክፍላቸው ሦስት ሜትር ስፋት አለው። ሜትር ከሰማንያ አልጋ ገብቶ በአጠገቡ ለታላቁ ልጅ ዘጠና አልጋ ቢጨመር 2 ሜትር ከ70 ይሆናል፤ በቀረው 30 ሳንቲ ሜትር ሰው አያልፍም። ሜትር ከሃምሳ ቢሆን ግን ሁለቱ ተደምረው 2 ሜትር ከ40 ይሆናሉ፥ 60 ሳንቲ ሜትርም መተላለፊያ ይቀራል። ስለዚህ ሰፊው አልጋ የልጁን አልጋ የሚነጥቅ ሆኖ ተገኘ። እርስዋም ሜትር ከሃምሳውን መረጠች፥ ፍራሹንም ጥሩ ስፖንጅ አደረገች። አሮጌውን ሜትር ከሃያ አልጋ በኮተቤ ያለ አናጢ ወደ ዘጠና አጠበበው፤ ርብራቡንም በደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ለወጠው። እርጥቡ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም አይበጅም፤ በርብራቡም መካከል ያለው ክፍተት ከአራት ጣት እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፥ ሰፊ ከሆነ ስፖንጁ ወደ ውስጥ እየሰረገ ይሰነጠቃል።

የቀረው የአሮጌው ጥጥ ፍራሽ ነበረ። በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት «ፍራሽ አዳሽ!» እያለ የሚያልፈውን ሰው ጠራነው። ይህን ሙያ የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን ሲሠራ ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ። ስፌቱን ፈትቶ ጥጡን በሸራ ላይ አወጣው፥ የተጠቀጠቀውን በበትር እየመታ አፈታታው፥ አቧራው ሲወጣ በፀሐይ ላይ አሰጣው። ከቀትር በኋላ ጥጡ ከነበረው እጥፍ የሆነ መሰለ። ከአራቱ እጅ ሦስቱን ለልጁ ዘጠና ፍራሽ አደረገው፤ በቀረው የጋቢናውን ፍራሽ የላይ ንጣፍ ሠራ።

የጋቢናው ፍራሽ ከሁለት ነገር ተሠራ። ከሥር 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ስፖንጅ፥ ከላይ 4 ሳንቲ ሜትር ጥጥ ነው። ምክንያቱም ይህ ነው። ስፖንጅ ብቻውን በቆላ ይሞቃል፤ ሚሌ ከባሕር ወለል 500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያላት በረሃ ስለ ሆነች በሌሊት እንኳ ላብ ያጠምቃል። ጥጥ ላቡን ይጠጣል፥ በፀሐይም ይደርቃል። ጥጥ ብቻውን ግን ዳሌ በሚያርፍበት ቦታ ይጐደጕዳል፥ በየጥቂቱም ይቋጠራል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከፍታው 2,800 ሜትር ያህል ነውና በብርዱ ጊዜ ከሥር ያለው ብረት ሙቀትን ይስባል፤ ለዚህ ስፖንጁ ይከላከላል።

ስፖንጅ ሲገዛ በዐይን መፍረድ አይበቃም፤ ሁሉም አዲስ ሲሆን ያብጣል። የሚታወቀው በክብደቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የሆነ ጥሩ ስፖንጅ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ቶሎ የሚሟሽሸው ከ20 በታች ነው። የእኛ ቁራጭ 1 ሜትር ከ90 በ65 በ7 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ፥ ጥሩ ከሆነ 2 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል መመዘን ነበረበት። ነጋዴው በመጀመሪያ ያወጣልን ሚዛን ላይ ቢወጣ 1 ኪሎ ከግማሽ ሆነ፤ ሚስቲቱ ነጋዴውን አየችው፥ እርሱም ሌላ አወጣ።

መኝታዋ በጫፎችዋ ስለምትጠብብ ማእዘኖቹ ክብ ሆነው ተቈረጡ። ፍራሹም ባንድ ወጥ አልተሰፋም፤ ከመኝታው ሥር የመሣሪያ ሣጥን ስላለ ሳይወጣ እንዲታጠፍ በሁለት ተከፍሎ በጨርቅ ተያያዘ። ልብሱ አቡጄዲ ነው፥ ለማጠብ እንዲመች በዚፕ ይወልቃል። ላስቲክ እንዳይለብስ ተከራክሬያለሁ፤ ላስቲክ ላቡን ይዞ ያሸታልና። ስፌቱም ትኋን የሚሸሸግበት ዕጥፋት እንዳይኖረው ጠፍጣፋ ሆነ።

በባዕድ አገር ይህ ጥበብ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። በአሜሪካና በአውሮፓ ካራቫን የሚባል፥ ከአውቶሞቢል ኋላ እየተጎተተ የሚሄድ ትንሽ ቤት አለ፤ ቤተ ሰቦች ለዕረፍት ሲወጡ ያድሩበታል። አሜሪካኖች «ንግሥት» ብለው የሚጠሩት የአልጋ ልክ ስፋቱ 1 ሜትር ከ52፥ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ነው። በሚጎተተው ቤት ውስጥ ግን ቦታ ስለ ጠበበ «አጭር ንግሥት» የሚሉት ሌላ ልክ አለ፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። እነርሱ ለመንገድ ሲሉ ያሳጠሩት የእኛን የዘወትር አልጋ ሆኖ መገኘቱ አስገረመኝ። ማእዘኑም ለመተላለፍ እንዲመች ብዙ ጊዜ ክብ ሆኖ ይቈረጣል፥ ከቤቱ ጋር የሚመጣው ፍራሽ ቀጭን ነው በማለትም ብዙዎች አውጥተው በሌላ ይለውጡታል። የኮተቤው ፍራሽ አዳሽ ይህን ሳይሰማ ያንኑ ሠራ።

ወንድሜ በአዲሱ ፍራሽ ወደ ጅቡቲ ሄዶ በተመለሰ ጊዜ የመጀመሪያ ቃሉ ምስጋና አልነበረም፤ ፍራሹ ስለ ወፈረ ራሱን ከጣሪያው ጋር እንደ ገጨ ነገረን። በሁለተኛው ጉዞ ግን ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደ ነቃ ሚስቱ ብትጠይቀው ማስታወስ አልቻለም። ወገቡ ገና ፈጽሞ አልዳነም። ሚስቱም በተመለሰ ቁጥር ፍራሹን ራስዋ አውርዳ በፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፥ በጣትዋም ዳሌው የሚያርፍበትን ቦታ ትለካለች።

የረዳቱ ነገር ቀርቷል። ልጁ ሃያ ዓመት የሆነው ሲሆን፥ ወንድሜ ከኋላ ሲተኛ እርሱ በሁለቱ መቀመጫዎች ላይ ተጠማዞ ያድራል፤ በመካከላቸውም የማርሹ ዘንግ አለ። ከጥጡ የተረፈ በጆንያ ተቀምጦልናል። የወንድሜ ሚስት መቀመጫዎቹን የሚያያይዝ ሳንቃ ቢሠራ ጥጡ ለላዩ ይበቃል ትላለች፤ መኪናው በሚመጣው ሳምንት ሲገባ ሜትሩን ይዛ እንደምትወጣ ነግራኛለች።